ሽላየርማኸርና «ስሜት» የሚለው ቃል፤ በተሳሳተ መንገድ ስለ ተነበበ አንድ የፕሮቴስታንት ሊቅ

በትምህርተ መለኮት ታሪክ ስማቸው በብዙዎች አፍ የሚጠራ፣ መጽሐፋቸው ግን በጥቂቶች እጅ የሚገለጥ ሊቃውንት አሉ። ከነዚህ አንዱ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ሽላየርማኸር ነው። በ1768 ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በብሬስላው ከተማ ተወልዶ በ1834 በበርሊን የሞተው ይህ ሰው የአዲሱ የፕሮቴስታንት ትምህርተ መለኮት አባት ተብሎ ይጠራል። ይሁን እንጂ አባትነቱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለምስጋና ሳይሆን ለክስ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሰዎች የሠሩት ጥፋት ሁሉ ወደ እርሱ ይመለሳልና። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

እኔም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ሽላየርማኸርን ያወቅሁት በተቃዋሚዎቹ በኩል ነበር። ስለ እርሱ የጻፍሁትን የመጀመሪያውን ድርሰት ያቀናበርሁት ከዋናው መጽሐፉ መግቢያውን ብቻ አንብቤ፣ የቀረውን ከነቃፊዎቹ ተውሼ ነበር፤ ድርሰቱም ተመስግኖልኛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ሳነበው፣ የፈረድሁበት ሰውና መጽሐፉን የጻፈው ሰው አንድ እንዳልሆኑ ተረዳሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል የራስን ስሕተት ማረሚያ ነው።

የሕዝቦችን ባህል ለሚመረምር ማኅበር የአንድ ጀርመናዊ ሰባኪ ነገር ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ዛሬ ማናቸውም የባህል መርማሪ «ሃይማኖት» የሚለውን ቃል ይዞ ወደ አንድ አገር ሲሄድ፣ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በብዛት በሽላየርማኸር ዘመን የተቀረጹ ናቸው። ሃይማኖት በሰው ውስጥ የሚገኝ ነገር ነውን፣ ወይስ በሰዎች መካከል? ከቃልና ከሥርዓት በፊት ነውን፣ ወይስ በእነርሱ ውስጥ? ለነዚህ ጥያቄዎች ሽላየርማኸር ሰጠ የሚባለው መልስና በእርግጥ የሰጠው መልስ የተለያዩ ናቸው።

፩

ሕይወቱን በአጭሩ እናስታውስ። አባቱ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የጦር ሠራዊት ቄስ ነበረ። ልጁን በኒስኪ ወደሚገኘው የሞራቪያውያን ወንድማማቾች ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በባርቢ ወዳለው ሴሚናሪ ላከው። ወጣቱ ግን በ1787 መጀመሪያ፣ ስለ ክርስቶስ መለኮትና ስለ ቤዛነቱ የተማረውን ለማመን እንዳልቻለ ለአባቱ ጻፈ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ሃሌ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቆይቶ ራሱን ሲገልጥ፣ ከብዙ መዞር በኋላ ተመልሶ ሞራቪያዊ እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ከፍ ባለ ደረጃ እንደ ሆነ ተናግሯል። ይህን ቃል ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ የሽላየርማኸር ትምህርት በመጽሐፍ ክፍል ውስጥ ብቻ የተወለደ አለመሆኑን ያስተውላል። አብረው የሚዘምሩ፣ አብረው የሚጸልዩ፣ አንዱ የሌላውን ነፍስ የሚጠብቅ የአንድ ማኅበር ትዝታ በበስተኋላው አለ።

በ1796 በበርሊን የሻሪቴ ሆስፒታል ቄስ ሆኖ ሳለ ከፍሪድሪኽ ሽሌገልና ከሄንሪየተ ሄርትስ ጋር ተወዳጀ። ሃይማኖትን የሚንቁ የተማሩ ወዳጆቹን ለማነጋገር በ1799 ስሙን ሳይገልጥ አምስት ንግግሮች የያዘ «ስለ ሃይማኖት» የተባለ መጽሐፍ አወጣ። በ1804 በሃሌ መምህር ሆነ፤ ናፖሌዎን በ1806 ያን ዩኒቨርሲቲ በዘጋው ጊዜ ወደ በርሊን ተመለሰ። በ1810 የተከፈተውን የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ካቋቋሙት አንዱና የትምህርተ መለኮት ክፍሉ የመጀመሪያ ዲን ነበረ። የፕላቶን መጻሕፍት ወደ ጀርመንኛ ተርጕሟል። ዋናው ሥራው «የክርስትና እምነት» የተባለው ሲሆን፣ መጀመሪያ በ1821 እና በ1822፣ ታርሞም በ1830 እና በ1831 ታተመ። ይህን ሁሉ ሲሠራ በሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ መስበኩን አላቋረጠም።

፪

የመጀመሪያውና ዋናው ክስ ሃይማኖትን ወደ ስሜት አወረደው የሚል ነው። ሽላየርማኸር በዋናው መጽሐፉ ሦስተኛ አንቀጽ፣ እግዚአብሔርን መፍራት በመሠረቱ ዕውቀትም ሥራም እንዳልሆነ፣ ጀርመኖች «ገፍዩል» የሚሉት ነገር እንደ ሆነ ይናገራል። በአራተኛው አንቀጽ ደግሞ ይህ ነገር ሰው ፍጹም የማይቆምበትን፣ በሌላ የሚቆምበትን ሁኔታ የሚያመለክት እንደ ሆነ ያስረዳል። «ገፍዩል» በእንግሊዝኛ ደስታና ኀዘን በሚጠራበት ተራ ቃል ተተረጐመ፤ በአማርኛም «ስሜት» ይባላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል መሰለ። ሃይማኖት ማለት ሲዘምሩ እንባ መምጣት፣ ሲሰብኩ ልብ መሞቅ ሆነ።

ይህን ክስ በመሳለቅ ያሰማው የመጀመሪያው ታላቅ ሰው በዚያው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሄገል ነው። በ1822 ለአንድ ደቀ መዝሙሩ መጽሐፍ በጻፈው መቅድም፣ የሃይማኖት መሠረት በሌላ የመመካት ስሜት ከሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ክርስቲያን ውሻ ይሆናል ብሎ ቀለደ፤ አጥንት ሲሰጠው የደኅንነት ስሜት ይሰማዋልና። ቀልዱ እስከ ዛሬ በየክፍሉ ይነገራል፤ የሚስቁትም ብዙ ናቸው።

ነገር ግን ሽላየርማኸር የጻፈውን በዝግታ እንከተል። ሰው ከዓለም ጋር ባለው ግንኙነት ሁሉ ከፊሉን ሰጪ፣ ከፊሉን ተቀባይ ነው። ገበሬ በዝናብ ይመካል፤ ነገር ግን መሬቱን ያርሳል፣ ውኃውን ይገድባል። ልጅ በወላጁ ይመካል፤ ነገር ግን ወላጁን ያስደስታል፣ ያስቈጣል። የሩቅ ከዋክብት እንኳ ሳይቀሩ፣ ምንም ያህል ጥቂት ይሁን፣ ከእኛ አንዳች ተጽዕኖ ይደርስባቸዋል ይላል። ስለዚህ በዓለም ውስጥ ፍጹም መመካት የለም፤ ፍጹም ነፃነትም የለም። ታዲያ ይህ ሰጪና ተቀባይ የሆነው ህላዌያችን በሙሉ፣ ነፃነታችንም ጭምር፣ ከወዴት ነው? ራሳችንን እኛ አላስገኘነውም። ይህን ሰው በክርክር ከመድረሱ በፊት፣ ራሱን በማወቁ ውስጥ አብሮ ያውቀዋል። የዚህን ህላዌ «ከወዴት» የሚያመለክተው ቃል «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ነው። የሽላየርማኸር ነገር ይህ ነው።

እንግዲህ ሄገል ያመጣው ውሻ ከዚህ የት ይገባል? ውሻው በጌታው ይመካል፤ ይህ በዓለም ውስጥ ያለ፣ ከፊል መመካት ነው። ጌታውንም በጩኸቱና በፍቅሩ ያንቀሳቅሰዋል። ሽላየርማኸር የሚናገረው ግን ራሱን ለሚያውቅ፣ ነፃነቱንም ለሚያውቅ ፍጡር ብቻ የሚገኝ ነገር ነው። በአምስተኛው አንቀጽ፣ ከእንስሳ ኑሮ ጋር የሚቀራረበውን የደበዘዘ ሁኔታ ከዚህ ከፍ ካለው ራስን ማወቅ በግልጽ ይለየዋል። በሁለተኛው እትም ደግሞ «ገፍዩል» ከሚለው ቃል አጠገብ «ቀጥተኛ ራስን ማወቅ» የሚል ፍች አኖረ፤ ወዳጁ ሄንሪክ ሽቴፈንስ ያልተከፋፈለው የሰው ህላዌ በሙሉ ለራሱ የሚገኝበት ሁኔታ አድርጎ የገለጠውንም ከእርሱ አሳብ ጋር የሚቀራረብ አድርጎ ጠቀሰ። ይህ የልብ ሙቀት አይደለም። ሰው ሲደሰትም፣ ሲያዝንም፣ ሲሰላችም ከሥር የሚገኝ የኑሮ መሠረት ነው። ደስታና ኀዘን የሚመጡት ይህ መሠረት በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ ሲቀል ወይም ሲከብድ ነው።

በዚህ ላይ ነቀፌታ ማቅረብ ይቻላል። ይህ ራስን ማወቅ በእርግጥ ለሰው ሁሉ የጋራ መሆኑ በምን ይታወቃል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ሌላ ክርክር ነው፤ በውሻው ቀልድ አይፈታም።

፫

ሁለተኛው ክስ እንዲህ ይላል፦ ሽላየርማኸር ከሰው ተነሣ፤ ስለዚህ ወደ እግዚአብሔር አልደረሰም። ይህን ክስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት ኤሚል ብሩነርና ካርል ባርት ናቸው። ብሩነር በ1924 ባወጣው መጽሐፍ ሽላየርማኸርን የቃለ እግዚአብሔር ተቃራኒ የሆነ የምሥጢራዊነት አስተማሪ አድርጎ አቀረበው። ባርት ይበልጥ ጠንቃቃ ነበር፤ ቢሆንም የእርሱም ፍርድ ከባድ ነው።

የባርት ፍርድ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ 93 የጀርመን ምሁራን የመንግሥታቸውን ጦርነት ደግፈው በፊርማቸው አወጁ። ከፈራሚዎቹ መካከል ባርት የሚያከብራቸው መምህራኑ አዶልፍ ሃርናክና ቪልሄልም ሄርማን ነበሩበት። ወጣቱ ባርት ይህን ባየ ጊዜ የመምህራኑ ትምህርት በሙሉ የተናጋ መሰለው፤ የትምህርታቸውንም ምንጭ ሲፈልግ ወደ ሽላየርማኸር ደረሰ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ለታሪክ ጸሐፊ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ የልጅ ልጆች በፈረሙት ወረቀት አያት ይፈረድበታልን?

ሽላየርማኸር በናፖሌዎን ወረራ ዘመን ስለ አገሩ ነፃነት ከመድረክ የሰበከ ሰው ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት እጅ እንድትወጣ በ1799 ንግግሮቹ በአራተኛው የጠየቀ እርሱ ነው። ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሣልሳዊ በገዛ ሥልጣኑ አዲስ የቅዳሴ ሥርዓት በአብያተ ክርስቲያናት ላይ ሊጭን በፈለገ ጊዜም፣ በ1824 በተሸሸገ ስም መጽሐፍ ጽፎ፣ እንዲህ ያለ ሥልጣን ለንጉሥ እንደማይገባው ተከራከረ። ከ1819 በኋላ የፖሊስ ዓይን አልተለየውም። የመንግሥት አገልጋይ ነው ለማለት የሚፈልግ ይህንንም አብሮ ያንብብ።

ወደ መጽሐፉ ስንመለስ፣ የሁለተኛው ክስ ሥር በአነባበብ ላይ እንዳለ እናያለን። «የክርስትና እምነት» ረጅም መግቢያ አለው፤ ስለ «ገፍዩል»፣ ስለ ሃይማኖት ዓይነቶች፣ ስለ ማኅበር የሚናገረው በዚያ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን መግቢያ እንደ መሠረት፣ የቀረውን እንደ ሕንፃ አድርጎ ይወስደዋል። ደራሲው ራሱ ግን በ1829 ለወዳጁ ለፍሪድሪኽ ሉከ በጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች፣ ሰዎች መግቢያውን የመጽሐፉ ዋና ነገር አድርገው በመውሰዳቸው አዘነ። እንዲያውም የመጽሐፉን ቅደም ተከተል ገልብጦ፣ ስለ ኀጢአትና ስለ ጸጋ ከሚናገረው ክፍል ለመጀመር አስቦ እንደ ነበረ ገለጠ። ይህን ያላደረገበትንም ምክንያት ዘርዝሯል፤ ዛሬ ስናየው ግን ቢያደርገው ኖሮ ብዙ ጠብ ይቀር ነበር።

የመጽሐፉ ልብ በአሥራ አንደኛው አንቀጽ ተገልጧል፦ በክርስትና ሁሉም ነገር በናዝሬቱ ኢየሱስ ወደ ተፈጸመው መዳን ይመለሳል። ከመግቢያው በኋላ የሚመጣው ትልቁ ክፍል ይህን የሚያብራራ ነው። ሰው ከራሱ ተነሥቶ ወደ አምላክ ይወጣል የሚል ትምህርት በዚያ አይገኝም፤ አማኙ የሚቀበለው ኃይል ከክርስቶስ የመጣ፣ በማኅበረ ምእመናን አማካይነት የሚደርሰው ነው።

ስለ ሥላሴ ያለው ትምህርትም እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ተቀመጠ እንደ ተረፈ ነገር አድርጎታል ይባላል። እርሱ ግን የሕንፃው መደምደሚያ ድንጋይ አድርጎ ነው ያኖረው፤ መለኮት በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን መንፈስ ከሰው ባሕርይ ጋር መዋሐዱን ካላስተማሩ ስለ ሥላሴ መናገር ባዶ ይሆናል ብሎ ስላመነ ነው። በዚህ ላይ ግን ወዳጆቹ የሚያልፉትን መናገር ይገባናል። ሽላየርማኸር የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አገላለጽ እንደገና መመርመር አለበት ብሎ ያምን ነበር፤ በ1822 ስለ ሰባልዮስና ስለ አትናቴዎስ በጻፈው ጥናትም ለሰባልዮስ አሳብ ያደላል። በኒቅያ ሃይማኖት የጸና አንባቢ ከእርሱ ጋር እንደማይስማማ ግልጽ ነው። አለመስማማት ግን አንድ ነገር ነው፤ ያላለውን አለ ማለት ሌላ ነው። የምንከራከረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ባርት ራሱ ይህን ያውቅ ነበር ለማለት ያስደፍራል። በሞተበት ዓመት በ1968 ከሽላየርማኸር ጽሑፎች ለተመረጠ መጽሐፍ በጻፈው የመጨረሻ ቃል፣ የዕድሜ ልክ ባላጋራውን በትክክል ተረድቶት እንደ ሆነ ተጠራጠረ፤ ጥያቄዎቹንም ሳይዘጋ ተወ። ከመንፈስ ቅዱስ ትምህርት ተነሥቶ ቢነበብ ሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝ እንደሚችልም አመለከተ። ተከታዮቹ ግን ብዙ ጊዜ የባርትን ፍርድ ወርሰው ጥርጣሬውን ሳይወርሱ ቀርተዋል።

፬

ሦስተኛው ክስ ለእኛ ለባህል ተመራማሪዎች የቀረበ ነው። ሽላየርማኸር፣ ይላሉ፣ ከቃልና ከሥርዓት በፊት የሚገኝ፣ በሕዝቦች ሁሉ አንድ የሆነ የውስጥ ልምድ አለ ብሎ አስተማረ፤ ትምህርትና ሥርዓት የዚያ ልምድ ልብስ ብቻ ናቸው። ጆርጅ ሊንድቤክ በ1984፣ ዌይን ፕራውድፉት በ1985 ባወጧቸው መጻሕፍት ይህን አስተሳሰብ በብርቱ ተችተዋል፤ የአስተሳሰቡንም አባት በሽላየርማኸር አይተውታል።

ለዚህ ክስ ምክንያት የሚሆን ነገር በ1799 ንግግሮች በሁለተኛው አለ፤ በዚያ ደራሲው ነፍስ ከዓለሙ ጋር ከመለያየቷ በፊት ያለችውን አንዲት ቅጽበት በወጣት ቋንቋ ይስላል። ያን ክፍል ለብቻው የወሰደ ሰው የተቺዎቹን አሳብ ሊቀበል ይችላል። ሩዶልፍ ኦቶ በ1899 እንደገና ያሳተመው ይህንኑ የመጀመሪያውን እትም ነው፤ በ1917 «ቅዱሱ» የተባለውን ታዋቂ መጽሐፉን ሲያወጣ ግን ሽላየርማኸርን፣ በዓለም ነገር መመካትንና በእግዚአብሔር መመካትን በመጠን እንጂ በባሕርይ አልለየም ብሎ ነቀፈው። ስለዚህ የባህል ጥናት ሰዎች ከሽላየርማኸር ወሰድን የሚሉትን ብዙ ነገር የወሰዱት በእውነቱ ከኦቶ ነው።

ያው የንግግር መጽሐፍ ግን አምስተኛ ክፍል አለው፤ ይህንንም ክፍል የሚጠቅሱት ጥቂቶች ናቸው። በዘመኑ የነበሩ ፈላስፎች ከሁሉ ሃይማኖቶች የጋራ የሆነውን ጨምቀው «የተፈጥሮ ሃይማኖት» የሚሉትን ያመሰግኑ ነበር። ሽላየርማኸር በአምስተኛው ንግግሩ ይህን አሳብ ይዘብትበታል። እንዲህ ያለ ሃይማኖት የሚኖርበት ሰው በዓለም አይገኝም፤ ሃይማኖት የሚገኘው መነሻ፣ ታሪክ፣ ቋንቋና ማኅበር ባላቸው በእውነተኞቹ ሃይማኖቶች ውስጥ ብቻ ነው ይላል። በዋናው መጽሐፍም በስድስተኛው አንቀጽ ይህ ራስን ማወቅ በባሕርዩ ማኅበርን እንደሚፈጥር፣ በአሥራ አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የዚህ ሕይወት በንግግር መገለጥ እንደ ሆነ ያስተምራል። ልምዱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በፊት ገጽታ፣ በድምፅ፣ በቃል ነው፤ ያለ ማኅበር የሚያድግ አማኝ የለም።

ከዚህ ለምርመራ ሥራ የሚከተል ነገር አለ። በአንድ መንደር የማርያምን የጽዋ ማኅበር የምትጠጣ ሴት አግኝተን፣ «በውስጥሽ ምን ይሰማሻል?» ብለን ብንጠይቃት የምታገኝልን መልስ ጥቂት ነው፤ ጥያቄው ራሱ ያስደንቃታል። ወር በገባ በ21 ቀን ማን እንደሚደግስ፣ ጽዋው ከማን ወደ ማን እንደሚያልፍ፣ የተጣሉ ማኅበርተኞች ከጽዋው በፊት እንዴት እንደሚታረቁ ብንመለከት ግን፣ ሽላየርማኸር በማኅበር ውስጥ የሚኖር ብሎ የጠራውን ነገር እናገኛለን። የውስጥ ልምድ አባት የተባለው ሊቅ በእውነት የሚልከን ወደዚህ ነው።

፭

እስካሁን ስለ እርሱ ተከራክረናል። ነገር ግን ተከላካዮቹ ፈጥነው የሚያልፉት አንድ እውነተኛ በደል አለ፤ እርሱን ለመሸፈን ይህን ጽሑፍ አልጻፍነውም።

በስምንተኛው አንቀጽ ሽላየርማኸር ሃይማኖቶችን በደረጃ ያስቀምጣል፦ በታች የጣዖተ ቁስ አምልኮ፣ በመካከል የብዙ አማልክት አምልኮ፣ በላይ የአንድ አምላክ አምልኮ። የታችኛው ደረጃ ስም፣ ፈረንሳዊው ሻርል ደ ብሮስ በ1760 ስለ ምዕራብ አፍሪቃ ሕዝቦች ከሰማው ተነሥቶ ያስፋፋው ነው። ከሽላየርማኸር በኋላ ኦጉስት ኮንት ይህንኑ ሦስትነት ለታሪክ ሁሉ መለኪያ አደረገው። የአፍሪቃ ሕዝቦች ሃይማኖት ለረጅም ዘመን በዚህ መሰላል የታችኛው እርካብ ላይ ተቀምጦ ተጠንቷል፤ የባህል ጥናት ከዚህ ለመውጣት ብዙ ደክሟል።

በላይኛው ደረጃ ካስቀመጣቸው መካከልም አድልዎ አለ። ይሁዲነት ፍቅሩን በአብርሃም ዘር ብቻ ስለ ወሰነ የታችኛው ደረጃ ቅሪት አለበት፤ እስልምናም በአሳቡ ሥጋዊነት ወደ ብዙ አማልክት አምልኮ ይቀርባል ይላል። በ1799 አምስተኛው ንግግር ደግሞ ይሁዲነትን ከሞተ የቈየ ሃይማኖት አድርጎ በጭካኔ ቃል ይገልጠዋል። በዚያው ዓመት በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ አይሁድ የዜግነት መብት ለማግኘት መጠመቅ አይገባቸውም ብሎ መከራከሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመሲሕን ተስፋ እንዲተዉና ሥርዓታቸውን ከመንግሥት ሕግ በታች እንዲያደርጉ አብሮ ጠየቀ። በዋናው መጽሐፍ በ132ኛው አንቀጽ ብሉይ ኪዳን ከሐዲስ ኪዳን ጋር እኩል ክብር እንደሌለው ያስተምራል። ሃርናክ ኋላ ስለ ማርቅዮን በጻፈው መጽሐፍ ብሉይን ከቀኖና ስለ ማውጣት ሲናገር መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎለት ነበር። የብሉይንና የሐዲስን ሥርዓት አጣምራ በያዘች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ትምህርት ባዕድነት ግልጽ ነው።

በደሉን ከውጭ አምጥተን አንፈርድበትም፤ በራሱ ሚዛን ይመዘናል። እያንዳንዱ ሃይማኖት ከውስጥ፣ ከራሱ መነሻና ቋንቋ መታወቅ አለበት ያለው እርሱ ነው። ስለ ይሁዲነት ሲጽፍ ግን የረቢዎችን መጻሕፍት ገልጦ አልጠየቀም፤ ከአይሁዳውያን ወዳጆቹም በበርሊን ክፍሎች ውስጥ የሰማቸው፣ ከአባቶቻቸው ሥርዓት ለመውጣት የሚታገሉትን ነበረ። የገዛ ሕጉን በዚህ ላይ አልጠበቀም።

፮

የጠቀስነው ሕግ ስለ ትርጓሜ ያስተማረው ነው። ሽላየርማኸር ከ1805 ጀምሮ ስለ ትርጓሜ ጥበብ ደጋግሞ አስተማረ፤ ትምህርቱ ከሞተ በኋላ በ1838 በሉከ እጅ ታተመ። ከእርሱ በፊት የነበሩት መምህራን፣ ሰው የሚያነበውን በተፈጥሮ ይረዳል፤ ሕግ የሚያስፈልገው አስቸጋሪ ቃል ሲገጥመው ነው ይሉ ነበር። ሽላየርማኸር ነገሩን ገለበጠው። አለመግባባት በራሱ ይመጣል፤ መረዳት ግን በየደረጃው ተፈልጎ የሚገኝ ነው አለ። ለዚህም ሁለት መንገድ አቀረበ፦ አንደኛው ቃሉን ደራሲውና የመጀመሪያ አንባቢዎቹ በጋራ ከያዙት ቋንቋ መመርመር፣ ሁለተኛው ደራሲው በዚያ ቋንቋ ውስጥ ያመጣውን የራሱን አካሄድ መከተል። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

በዚህም ነገር ተበድሏል። ዲልታይ የሁለተኛውን መንገድ አጐላ፤ ጋዳመርም በ1960 በታላቁ መጽሐፉ ሽላየርማኸርን በደራሲ ነፍስ ውስጥ ለመግባት የሚሞክር አድርጎ ተቸው። ሃይንስ ኪመርለ በ1959 የእጅ ጽሑፎቹን በጥንቃቄ ባሳተመ ጊዜ የቋንቋው መንገድ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ታየ፤ ማንፍሬድ ፍራንክም በ1977 ይህን አስፋፍቶ አሳየ። የአገራችን የትርጓሜ መምህራን «አንድም» እያሉ ብዙ ፍች ጐን ለጐን ያቆያሉ፤ ሽላየርማኸር ግን በቃሉ የመጀመሪያ ቦታ የሚጸናውን አንዱን ፍች ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ነው። የሚገናኙት፣ ማንበብ ከመምህር የሚማሩት ሥራ እንጂ ዓይን ስላለ ብቻ የሚሆን አይደለም በማለት ነው።

በ1813 በበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ስለ መተርጐም ባደረገው ንግግርም፣ ተርጓሚ ወይ አንባቢውን ወደ ደራሲው ይወስዳል፣ ወይ ደራሲውን ወደ አንባቢው ያመጣል፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን ያጠፋል የሚል አሳብ አቀረበ። እርሱ የመረጠው የመጀመሪያውን ነው። እንግዲህ እርሱን ወደ አማርኛ ስናመጣ በየትኛው መንገድ እንሄዳለን?

ተማሪዎች ትምህርቱን «ፍጹም የጥገኝነት ስሜት» ብለው ሲጽፉ አያለሁ። ሁለቱም ቃላት ያሳስታሉ። «ስሜት» ዛሬ ለቍጣውም፣ ለፍትወቱም፣ ለደስታውም የምንጠራበት ነው፤ «ስሜታዊ ነው» የተባለ ሰው ተነቀፈ እንጂ አልተመሰገነም። የሚያስገርመው፣ ቃሉ «ሰማ» ከሚለው መውጣቱ ነው፤ የሚሰማ ነገር ከሌላ የሚመጣ ነውና ሥሩ ከሽላየርማኸር አሳብ አይርቅም ነበር። ልማድ ግን ሥሩን ሸፍኖታል። «ጥገኝነት» ደግሞ ይብሳል፤ በጌታ ቤት የተጠጋን ሰው፣ አልፎም በሌላ ደም የሚኖረውን ተሕዋሲ ያስታውሳልና። በዚህ ቃል የተማረ ሰው ሽላየርማኸር የሰውን ነፃነት ሰረዘ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

እኔ «ገፍዩል» የሚለውን ራሱ ደራሲው በሰጠው ፍች «ቀጥተኛ ራስን ማወቅ»፣ ሁለተኛውን ደግሞ «ፍጹም ተደጋፊነት» ብለን እንድንጽፍ አሳስባለሁ። ይህም ጕድለት አለበት፤ የተደገፈ ሰው ከድጋፉ ፈቀቅ ሊል ይችላል፣ ሽላየርማኸር የሚናገረው ግን ፈቀቅ የሚሉበት ቦታ የሌለበትን መደገፍ ነው። ስለዚህ ቃሉን የሚጠቀም ሁሉ ነፃነታችንም ጭምር የተሰጠን መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር አብሮ ያብራራ። የተሻለ ቃል ያለው፣ በተለይ ከግእዝ ሊቃውንት፣ ቢያቀርብልን በደስታ የእኔን እተዋለሁ።

በመጨረሻ የዚህን ሊቅ ውርስ በሁለት እንከፍለዋለን። የሃይማኖት መሰላሉንና በአይሁድ ላይ የተናገረውን ስሕተት ብለን ልንተወው፣ ከምን የመጣ እንደ ሆነም ለተማሪዎቻችን ልንነግር ይገባል። ሃይማኖት በማኅበርና በቋንቋ ውስጥ እንጂ ከዚያ ውጭ እንደማይገኝ፣ መረዳትም በራሱ እንደማይመጣ ያስተማረውን ግን ልንይዘው ይገባል። አለመግባባት የተፈጥሮ ነው ያለው ሰው ራሱ የአለመግባባት ምሳሌ ሆኖ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቷል። ዕዳው የእኛ የአንባቢዎቹ ነው፤ የሚከፈልበትም መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ይኸውም ከመግቢያው አልፎ ማንበብ።